ካስማ የሚጸናበት መሬት

የከተራ ዕለት ታቦታት ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው በካህናቱ ልብሰ ተክህኖ፣ በጥላዎቹ ኅብር፣ በወጣቶቹ ዝማሬና እልልታ ላይ ነው። ታቦቱ የሚያድርበትን ድንኳን ደግሞ ሁሉም ያየዋል፤ ያጌጠ ነውና። ድንኳኑን ይዞ የሚያድረውን፣ ከግማሹ በላይ በአፈር ውስጥ የተሰወረውን ካስማ ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ምናልባትም በጨለማ እግሩን የመታው ሰው ብቻ ያየው ይሆናል። እኛም በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን ዓይናችንን ዝቅ አድርገን፣ ይህን ካስማና የሚተከልበትን መሬት፣ በተለይም የወላይታን መሬት ልንመለከት ወደድን።

ጉዳዩ ከበዓሉ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የድንኳን ነገር በእምነታችን ታሪክ ውስጥ ሥሩ የጠለቀ ነው። በግእዝ «ደብተራ» ማለት ድንኳን ማለት ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ታቦተ ሕጉ ያረፈባት «ደብተራ ኦሪት» መባሏም፣ ዛሬ በማኅሌት የሚያገለግለው ሊቅ ደብተራ መሰኘቱም ከዚሁ ነው። ኦሪት ዘፀአት ስለዚያች ድንኳን ሲያትት ስለ መጋረጃዎቹና ስለ ወርቁ ብቻ ተናግሮ አላለፈም፤ ካስማዎቹ ከናስ እንዲሠሩ ሳይቀር ይደነግጋል። የሲና ምድር አሸዋና ዐለት የተቀላቀለበት ነውና የእንጨት ካስማ ብዙም እንደማያዋጣ ግልጽ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም የሕዝቡን መብዛት ለመግለጽ ሲሻ ምሳሌውን የወሰደው ከድንኳን ነው፤ ድንኳኑ ሲሰፋ አውታሩ መርዘም፣ ካስማውም መጽናት እንዳለበት የገባው ሰው መሆኑ ከንግግሩ ይታወቃል። በመጽሐፈ መሳፍንት ያለችው ኢያኤል ደግሞ የጦር አለቃውን ሲሣራን የገደለችው በድንኳን ካስማና በመዶሻ ነበር። ታሪኩን ብዙዎች የሚያነቡት በጭካኔው ተደንቀው ነው። እኛን የሚገርመን ግን የእጇ ልምድ ነው፤ በዘላን ሕዝብ ዘንድ ድንኳን የመትከሉ ሥራ የሴቶች ነበርና መዶሻው ለእርስዋ እንግዳ አልነበረም። በአገራችንም በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ተነቃይዋን ጎጆ የምታቆመውም የምታፈርሰውም ሴቲቱ ናት።

ወደ ወላይታ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስባት ሶዶ ወደ 2,900 ሜትር ከፍ ባለው በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከተራራው ወገብ ጀምሮ ቁልቁል ሲወረድ መሬቱ ሦስትና አራት ዓይነት መልክ ይለዋውጣል። በተራራው ላይ ድንጋይ የበዛበት፣ አፈሩ የሳሳ ገደላ ገደል አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የወላይታን ደጋና ወይና ደጋ የሚያለብሰው፣ እንሰቱንና ቦይናውን፣ ስኳር ድንቹንና ቡናውን የሚያበቅለው ጥልቅ ቀይ አፈር ይመጣል። ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲቀረብ ደግሞ ቆላው አሸዋማና ደለል የሞላበት ይሆናል። ዋልካ ያለበት ሜዳም አይጠፋም። በአንዱ ላይ የሠራ ካስማ በሌላው ላይ ይከዳል።

ቀዩ አፈር ሁለት ጠባይ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመስከረም፣ ክረምቱ ገና ሳይጠቃለል፣ ወላይታ ዘመን መለወጫውን ጊፋታን ሲያከብርና ደመራው ሲለኮስ፣ አፈሩ እርጥብና የሚያጣብቅ ነው፤ ካስማ እንደ ቅቤ ይቀበላል፣ እንደ ቅቤም ይለቃል። በጥር፣ ለጥምቀት ጊዜ፣ ዝናቡ ካባራ ወራት አልፈውታልና ያው አፈር ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። በመስከረም በእጅ ተገፍቶ የገባው ካስማ በጥር በመዶሻ ተደብድቦ ይታጠፋል። በአንድ ከተማ የሚኖር አንድ እድር በአራት ወር ልዩነት ሁለት የተለያዩ መሬቶች ላይ ድንኳን ይተክላል ማለት ነው።

እድርን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የድንኳን ዋነኛው ባለቤት እድር ነው። የእድሩ ንብረት ሲቆጠር ድስቱና ሰሐኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የቱቦላሬ ብረት ምሰሶውና ሸራው አብሮ ይቆጠራል። ጥሩንባ ነፊው ለፍፎ ሲያልፍ ከሰዓት ባልበለጠ ጊዜ በሐዘንተኛው ደጅ ድንኳን ቆሞ ይገኛል። ወላይታ የኦርቶዶክሱም፣ የቃለ ሕይወቱም፣ የካቶሊኩም፣ የሙስሊሙም አገር ነው፤ ድንኳኑ ግን የሟቹን ሃይማኖት ጠይቆ አይተከልም። ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ካስማ ከሁሉ በላይ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ድስት የጎደለበት እድር ጠያቂ ያቆማል፤ ካስማ የጎደለበት ግን ለጊዜው ከአጥር ላይ እንጨት ይነቅላል። ድንኳኖች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ ሸራቸው ተቀዶ ሳይሆን በዚህ «ለጊዜው» በተባለ እንጨት የተነሣ ይመስለናል።

የነፋስን ጉልበት በቁጥር እንመልከት። በሶዶ ከፍታ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ማለትም የዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝና አቧራ የሚያስነሣ ነፋስ፣ ፊት ለፊቱ በቆመ ሸራ ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ የድንኳን ግድግዳ 20 ካሬ ሜትር ነውና ነፋሱ በ100 ኪሎ ጉልበት ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ድንኳን 400 ኪሎ ተጫነበት ማለት ነው። አንድ ጎኑ ተከፍቶ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሸራው እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል። ከብረት የተሠራ ምሰሶ ሕፃናትና አረጋውያን በተቀመጡበት መካከል ቢወድቅ ምን እንደሚያደርስ መዘርዘር አያስፈልገንም፤ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋ እንደሆነማ አደጋው የከፋ ነው።

ይህን ጉልበት የሚሸከመው ካስማው ብቻውን አይደለም፤ አውታሩና አፈሩ አብረውት ይሸከማሉ። አውታሩ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ እንደሆነ ካስማውን እንደ ካሮት ወደ ላይ ይነቅለዋል። ራቅ ተደርጎ ከተወጠረ ግን ጉልበቱ ወደ ጎን ስለሚሆን አፈሩ ደረቱን ሰጥቶ ይመክታል። ስለዚህ ካስማው ከድንኳኑ የሚርቀው ቢያንስ ድንኳኑ በጎኑ ከፍ ያለውን ያህል መሆን አለበት። ራሱም ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ገመዱን በካስማው ጫፍ ላይ ማሰር ለነፋሱ መፈንቀያ ማቀበል ነው። ገመዱ መሬቱን ታክኮ፣ በካስማው አንገት ሳይሆን በእግሩ ላይ ይታሰር። ከካስማው ርዝመት ሦስት እጁ ተከፍሎ ሁለቱ እጅ አፈር ውስጥ መግባት ይገባዋል፤ ለእድር ዓይነት ድንኳን ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ካስማ ያስፈልጋል።

በጥር ለደረቀው ቀይ አፈር የሚሻለው ከወፍራም ፌሮ ተቆርጦ ጫፉ የሾለ የብረት ካስማ ነው። የወይራ እንጨትም ቢሆን ጫፉ በእሳት ተለብልቦ ከጠነከረ ያገለግላል፤ ባሕር ዛፍ ግን ራሱ ቶሎ ይሰነጠቃል። ብዙዎች መሬቱ እምቢ ሲላቸው የሚሮጡት ወደ ድጅኖ ነው። ድጅኖ መልካም መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ድጅኖው የከፈተው ጉድጓድ ከካስማው ከሰፋ ካስማው ቆመ እንጂ አልተተከለም። ቢናጋም ጥርስ ሊወልቅ ሲል እንደሚነቃነቀው ነው። ከዚህ ይልቅ ቦታው በዋዜማው ማታ ውሃ ጠጥቶ ቢያድር ይመረጣል። በየካስማው ቦታ አንድ አንድ ጆግ ውሃ ቀስ ብሎ ፈሶበት ካደረ፣ ጧት አፈሩ መዶሻውን ይቀበላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ደርቆ ካስማውን ጨብጦ ይይዛል። የከተራ ድንኳን የሚተከለው አስቀድሞ በሚታወቅ ቀንና በሚታወቅ ሜዳ ላይ ነውና ይህን ለማድረግ ጊዜ አይታጣም። «ከተራ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ውሃ ከመከተር ስለሆነ፣ ውሃ ለመገደብ ከወጡት መካከል ጥቂቶቹ ባልዲ ይዘው ወደ ድንኳኑ ቦታ ዞር ቢሉ ከሥራቸው የራቁ አይሆኑም።

የመስከረሙ ጭቃ ሌላ ብልሃት ይሻል። እዚያ መዶሻው አይደለም ችግሩ፤ አፈሩ ነው የማይጨብጠው። አንዱ መፍትሔ ካስማዎቹን ማስከተል ነው። የድንኳኑ ገመድ በፊተኛው ካስማ እግር ይታሰራል፤ የፊተኛው ካስማ ራስ ደግሞ ከበስተኋላው አንድ እርምጃ ርቆ ከተተከለው ከሁለተኛው ካስማ እግር ጋር ይታሰራል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሦስተኛው ጋር። ፊተኛው ሊያጎነብስ ሲል ኋለኞቹ ወደ ኋላ ይስቡታል። ይህም ካልያዘ ግንድ መቅበር ነው። ገመዱ ከሚስብበት አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ ጉልበት የሚያህል ቦይ ይቆፈርና አጭር ግንድ ወይም አፈር የተሞላ ጆንያ በወገቡ ታስሮ በአግድመት ይጋደምበታል፤ አፈሩም ተመልሶ በእግር ይረገጣል። ይህን የሚነቅል ነፋስ ቤቱንም አይምርም። በአባያ ዳርቻ አሸዋም ላይ ከቀጥተኛ ካስማ ይልቅ የሚያዋጣው ይኸው የተቀበረ ግንድ ነው።

ከገመድ አንጻር ወላይታ የታደለች አገር ናት። እንሰት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከቅጠሉ ግንድ ተፍቆ የሚወጣው ቃጫ ጠንካራ ገመድ ይወጣዋል። ሆኖም ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ቃጫና እንደ ጥጥ ያለ ከተክል የተገኘ ገመድ ውሃ ሲነካው ያጥራል፤ ማታ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የቃጫ አውታር ሌሊት ዝናብ ወይም ጠል ካገኘው ይኮማተርና ካስማውን ራሱ ይነቅለዋል። የናይለን ገመድ በተቃራኒው ሲረጥብ ይላላል፤ ድንኳኑም ሆዱን አንጠልጥሎ ያድራል። ስለዚህ የቃጫው ማታ ትንሽ ይላላ፣ የናይለኑ ጧት ይጠበቅ።

በተራራው ወገብ ላይ ዐለት ያጋጠመው ሰው ከዐለቱ ጋር ባይታገል መልካም ነው። ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ወገብ አዙሮ ማሰር ወይም በገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ መከመር ይበቃል። የዛሬው ከተሜ ዐለት ግን ኮብልስቶን ነው። መንደሮቻችን ከጭቃ በመገላገላቸው ደስ ብሎናል፤ ሆኖም ሠርግና ለቅሶ በመጣ ቁጥር ድንጋዩ እየተፈነቀለ ካስማ ይተከልና ቦታው ሳይደፈን ይቀራል። በክረምት ውሃው ከዚያች ቀዳዳ ገብቶ አፈሩን ጠርጎ ሲወጣ መንገዱ ይሰምጣል። በሥሩ የውሃ ቧንቧ ያለፈበትም ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ክብደትን መጠቀም ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ስሌቱ መረሳት የለበትም። በየማዕዘኑ የሚንጠለጠለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢሞላም 20 ኪሎ ነው፤ አራቱ ተደምረው 80 ኪሎ። ከላይ ያልነው መካከለኛ ነፋስ 100 ኪሎ ነበር። ውሃ የሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል ወይም ኮንክሪት የተሞላ አሮጌ ጎማ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል።

ድንኳን በወላይታ ምድር ሁልጊዜ ለደስታ ወይም ለለቅሶ ብቻ አልተተከለም። በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ በዚህ ቀይ አፈር ላይ የተተከለው የጦር ሰፈር ድንኳን ነበር። አብሮ የተጓዘው ጋስቶን ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ስለዚያ ዘመቻ የጻፈው መጽሐፍ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ታትሟል፤ የሕዝቡም እልቂት እስከ ዛሬ በወላይታ ሽማግሌዎች አፍ ይነገራል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበር ስናስብ፣ ብዙ ከተሞቻችን በካስማ ተጀምረው በመሠረት ድንጋይ እንደቀጠሉ እንረዳለን። ከዚያም በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩት የውጭ አገር ሚስዮናውያን በበቅሎ ድንኳናቸውን ጭነው ወደ ሶዶ መጥተዋል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ድንኳን በከፋ ምክንያት ተፈልጓል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ230 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በወላይታው ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ናዳ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ለተፈናቃዩ ሸራ ይታደላል። ሸራው ግን የት እንደሚተከል ማሰብ ከካስማው ሁሉ ይቀድማል። ውሃ የጠገበ ተዳፋት ላይ ካስማው ቢጸና ምን ይረባል? ካስማውንና ድንኳኑን ይዞ የሚሄደው መሬቱ ራሱ ነውና። ከበላዩ ስንጥቅ የታየበት፣ ዛፎቹ ያዘነበሉበት፣ ከዚህ ቀደም ምንጭ ባልነበረበት ውሃ መፍለቅ የጀመረበት ኮረብታ ሥር ድንኳን አይተከልም። ሜዳ ተመርጦም ቢሆን በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማራቅ ያስፈልጋል፤ በጭቃ ውስጥ ካስማን የሚያላላው ከነፋሱ ይልቅ በሥሩ የሚጠራቀመው ውሃ ነው።

እንጨቱስ ከየት ይመጣል? የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። በሁምቦ የተራቆተው ተራራ በነዋሪው ጥበቃ ተመልሶ ለምልሟል፤ 2,728 ሔክታር የሚሸፍነው ይህ ደን በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። ለአንድ ቀን ድንኳን ለጋ ዛፍ ከዚያ መቁረጥ ነውር ነው። አንድ ጊዜ የተገዛ የፌሮ ካስማ ግን ባለቤቱ ቆጥሮ ካስቀመጠው ለልጅ ልጅም ይተርፋል።

ቆጥሮ ያልነው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ድንኳኑ ሲነሣ መሬት ውስጥ የሚረሳ ብረት የሕፃን እግር ይወጋል፣ የሚግጥ ከብት ያቆስላል፣ በእርሻ ማሳ ላይ ከሆነም ማረሻ ይሰብራል። ስንት ካስማ እንደተተከለ የተመዘገበ እንደሆነ ስንቱ እንደተነቀለ ማወቅ ቀላል ነው። ሌሊቱን ደግሞ በየካስማው ራስ ላይ ነጭ ጨርቅ ቢታሰር፣ አውታሩም ላይ እንዲሁ፣ ጧፍ ይዘው ማኅሌት የሚቆሙትም ሆኑ ጨቅላ አዝለው የሚመጡት እናቶች ሳይደናቀፉ ያድራሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ በበዓሉ ቦታ የሚገኘው እንግዳ መንገዱን የማያውቅ ጭምር ነውና ይህ ጥንቃቄ ለእርሱም ይጠቅማል።

ጥር 11 ቀን ከጥምቀቱ በኋላ አብዛኞቹ ታቦታት ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን እስከ ቃና ዘገሊላ፣ እስከ ጥር 12 ቀን፣ በዚያው ይቆያል። የጎረቤቶቹ ድንኳኖች ሲነሡ የነፋስ መከታው ይቀንሳል፤ በሕዝቡ ትርምስ የተረገጡት አውታሮችም ላልተው ይገኛሉ። ስለዚህ በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ በሚካኤል ድንኳን ዙሪያ አንዴ ይዙር።